የክሪፕቶከረንሲ የግብይት ክፍያ ስህተት

የክሪፕቶከረንሲ የግብይት ክፍያ ስህተት ማለት አንድ ተጠቃሚ ወይም ድርጅት ቢትኮይን፣ ኢተር ወይም ሌላ ክሪፕቶከረንሲ ሲልክ ከተለመደው እጅግ የበለጠ፣ አንዳንዴም ከተላከው ገንዘብ የበለጠ ክፍያ ሳያስበው የሚከፍልበት ክስተት ነው። ክፍያው ከማነሱ የተነሳ ግብይቱ ሳይጸድቅ ተንጠልጥሎ መቅረቱም በዚሁ ሥር ይመደባል። በብሎክቼይን ላይ የጸደቀ ግብይት ስለማይሻር፣ በትርፍ የተከፈለ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው የተቀበለው ወገን በፈቃዱ ሲመልሰው ብቻ ነው።

ከዚህ የተነሳ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ያከራክራል። አንደኛው ወገን ግብይቱን በራሱ ቁልፍ የፈረመው ተጠቃሚው ስለሆነ ኃላፊውም እሱ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ሰው ሊያየው ባልቻለው ቁጥር ሊጠየቅ አይገባም፤ ጥፋቱ ክፍያውን የሚደብቅ ወይም ያለ ገደብ የሚያሳልፍ ንድፍ ነው ይላል። እስካሁን የታወቁት ትልልቅ ክስተቶችና የተደረጉት የቴክኒክ ማሻሻያዎች ሁለቱን ክርክሮች ለመመዘን ይረዳሉ።

የክፍያው ምንነት

ክሪፕቶከረንሲን የሚያስተዳድር ባንክ ወይም ማዕከላዊ ድርጅት የለም። ግብይቶችን ሰብስበው ብሎክ በሚባለው የመዝገብ ክፍል ውስጥ የሚያሰፍሩት በቢትኮይን ማይነሮች፣ በኢተሪየም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2022 ወዲህ አረጋጋጮች የሚባሉ ተሳታፊዎች ናቸው። የግብይት ክፍያ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ እነዚህ ተሳታፊዎች ለሚሠሩት ሥራ ዋጋ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ማንም ሰው በማይረቡ ግብይቶች ኔትወርኩን እንዳያጨናንቅ ይከላከላል።

ማይነሮች በተለያዩ አገሮች ይገኛሉ፤ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል መብራት እየገዙ በኢትዮጵያ ውስጥ የሚሠሩም አሉ። ቀጣዩን ብሎክ የትኛው ማይነር እንደሚያገኝ አስቀድሞ ስለማይታወቅ፣ ላኪው የሚከፍለው ገንዘብ ማን እጅ እንደሚገባ አያውቅም።

የክፍያው መጠን የሚወሰነው በገበያ ነው። ቢትኮይን በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ብሎክ ያወጣል፤ የብሎኩም መጠን ገደብ አለው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ መላክ ሲፈልግ ቦታው ለጨረታ እንደ ቀረበ ዕቃ ይሆንና የበለጠ የከፈለ ይቀድማል። በዚህ ምክንያት የቢትኮይን አማካይ ክፍያ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ከ50 ዶላር አልፎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 2024 ደግሞ ለአንድ ቀን ከ120 ዶላር በላይ ደርሷል። ጸጥ ባለ ጊዜ ግን ከ1 ዶላር በታች ሊወርድ ይችላል።

ሌላው ከባንክ የሚለየው ነገር ክፍያው የሚሰላው በሚላከው የገንዘብ መጠን አለመሆኑ ነው። በቢትኮይን የሚቆጠረው ግብይቱ የያዘው የመረጃ መጠን ስለሆነ፣ 10 ዶላር የሚልክና 1 ሚሊዮን ዶላር የሚልክ ሰው እኩል ሊከፍሉ ይችላሉ። በተቃራኒው ገንዘቡ በብዙ ጥቃቅን መጠን ተከፋፍሎ የተቀመጠ ሰው ትንሽ ገንዘብ ለመላክ ብዙ ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ ተጠቃሚው ትክክለኛውን ክፍያ በግምት ለማወቅ ይቸገራል፤ የሚተማመነውም ዋሌት በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ነው።

በቢትኮይን ክፍያው እንዴት ይሰላል

በቢትኮይን ግብይት ውስጥ «ክፍያ» የሚል መስመር የለም። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2008 የቀረበው ጽሑፍ እንደሚያስረዳው፣ ክፍያ ማለት በግብይቱ ገቢና ወጪ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ለምሳሌ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የተቀበለው 1 ቢትኮይን አለው እንበል። ከዚህ ላይ 0.2 ቢትኮይን ለሌላ ሰው መላክ ቢፈልግ ቀንሶ መላክ አይችልም፤ ሙሉውን ማውጣት አለበት። ስለዚህ 0.2ቱን ለተቀባዩ፣ 0.7999ኙን ደግሞ በመልስ መልክ ለራሱ አድራሻ ይጽፋል። ለማንም ያልተጻፈው 0.0001 ቢትኮይን ክፍያ ይሆናል። መልሱን መጻፍ ከተረሳ ግን 0.8 ቢትኮይን በሙሉ ክፍያ ሆኖ ይሄዳል። ኔትወርኩ ይህንን እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ በደንቡ መሠረት ትክክለኛ ግብይት ነው።

ባለ 100 ብር ኖት ሰጥቶ የ20 ብር ዕቃ የገዛ ሰው መልሱን ባለሱቁ ቆጥሮ ይሰጠዋል። በቢትኮይን ግን መልሱን ለራሱ የሚቆጥረው ከፋዩ ነው፤ ያልተቆጠረው መልስም የሚቀረው ሻጩ ጋር ሳይሆን ሁለቱም የማያውቁት ሦስተኛ ወገን ጋር ነው። ተራ ተጠቃሚ የሚገለገልባቸው ዋሌቶች መልሱን በራሳቸው ስለሚያሰሉ ይህ ስህተት በብዛት የሚታየው ግብይቱን በእጃቸው ወይም ራሳቸው በጻፉት ፕሮግራም በሚያዘጋጁ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ ነው።

በኢተሪየም ክፍያው እንዴት ይሰላል

በኢተሪየም እያንዳንዱ ሥራ ጋዝ በሚባል መለኪያ ይለካል። ኢተር ከአንድ አድራሻ ወደ ሌላ የመላክ ቀላል ሥራ 21,000 ጋዝ ይፈጃል። የአንዱ ጋዝ ዋጋ የሚነገረው በግዌይ ሲሆን፣ ግዌይ የአንድ ኢተር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። የጋዙ ብዛት በዋጋው ሲባዛ ክፍያው ይገኛል። ዋጋው 20 ግዌይ ከሆነ ክፍያው 0.00042 ኢተር ነው።

የቀድሞዎቹ ዋሌቶች የጋዝ ጣሪያንና የጋዝ ዋጋን በሁለት ተመሳሳይ ሳጥኖች ጎን ለጎን ያቀርቡ ነበር። አንድ ሰው ተሳስቶ 21,000 የሚለውን ቁጥር በዋጋው ሳጥንም ቢጽፍ ክፍያው 0.441 ኢተር ይሆናል፤ ይህም ካሰበው 1,050 እጥፍ ነው። በተጨማሪም በኢተሪየም ያልተሳካ ግብይትም ይከፈልበታል። ኮምፒውተሮቹ ሥራውን ሞክረው ጋዙን ስለጨረሱ ክፍያው አይመለስም። ይህ ከቴክኒክ አንጻር ምክንያት ቢኖረውም ለአዲስ ተጠቃሚ የሚያስደነግጥ ነው።

የታወቁ ክስተቶች

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2016 አንድ የቢትኮይን ግብይት 291 ቢትኮይን ክፍያ ከፍሎ ጸደቀ። ይህ በወቅቱ ዋጋ ከ130,000 ዶላር በላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 2020 በኢተሪየም 0.55 ኢተር ብቻ የላከ ግብይት 10,668 ኢተር፣ ማለትም 2.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፈለ። በማግስቱ ከዚያው አድራሻ 350 ኢተር ሲላክ ተመሳሳይ ክፍያ ተከፈለ። ስለ ምክንያቱ የፕሮግራም ስህተት፣ ጠለፋና ማስፈራሪያ የሚሉ መላምቶች ቀርበዋል። ሁለተኛውን ክፍያ ያገኘው ኢተርማይን የተባለው የማይነሮች ኅብረት ባለቤቱን ለጥቂት ቀናት ጠብቆ ሲያጣ ገንዘቡን ለአባላቱ ለማከፋፈል ወሰነ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 27 ቀን 2021 ቢትፊኔክስ ከተባለው የመገበያያ ድርጅት ዋሌት 100,000 ዶላር የሚያወጣ ቴተር ወደ ዴቨርሲፋይ ሲላክ 7,676 ኢተር ተከፈለ። ይህም 23 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዴቨርሲፋይ ባወጣው ማብራሪያ መሠረት፣ ምክንያቱ ሶፍትዌሩ የነጥብ አሃዝ ያለበትን የክፍያ ቁጥር ሲቀይር ወደ ግዙፍ ቁጥር ማዛባቱ ነው። ማይነሩ 7,626 ኢተር መለሰ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2023 ፓክሶስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት 2,000 ዶላር የማይሞላ ቢትኮይን ለመላክ 19.8 ቢትኮይን፣ ማለትም 500,000 ዶላር ገደማ ከፈለ። ድርጅቱ ስህተቱ የራሱ መሆኑን አመነ። ክፍያውን ያገኘው ኤፍቱፑል ባለቤቱ በ3 ቀን ውስጥ ካልቀረበ ገንዘቡን ለማይነሮቹ እንደሚያከፋፍል አስታውቆ ነበር፤ ፓክሶስ ከቀረበ በኋላ ግን መለሰለት።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር 139 ቢትኮይን ሊላክ ሲል 83.65 ቢትኮይን፣ ማለትም 3.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በክፍያ ተወሰደ። ባለቤቱ ነኝ ያለ ሰው ዋሌቱ እንደ ተጠለፈ ገልጿል።

ከእነዚህ ክስተቶች ሁለት ነገር ይታያል። ፓክሶስና ዴቨርሲፋይን በመሳሰሉት ምክንያታቸው በታወቀ ክስተቶች ስህተቱን የሠሩት ጀማሪዎች ሳይሆኑ በሙያው የተሰማሩ ድርጅቶች ወይም ሶፍትዌሮቻቸው ናቸው። ገንዘባቸው የተመለሰላቸውም ስማቸው የታወቀና ባለቤትነታቸውን ማሳየት የቻሉ ናቸው። ስሙ የማይታወቅ ተጠቃሚ ያንኑ ስህተት ቢሠራ ተመሳሳይ ዕድል የሚያገኝበት ደንብ የለም።

«ኃላፊው ተጠቃሚው ነው» የሚለው ክርክር

ይህ አስተያየት ከክሪፕቶከረንሲ መሠረታዊ ዓላማ ይነሳል። ዓላማው ማንም ሦስተኛ ወገን የሰውን ገንዘብ ማገድም ሆነ መመለስ እንዳይችል ማድረግ ነው። ስህተትን የሚሽር አካል ቢኖር ያው አካል ትክክለኛውንም ግብይት መሻር ይችል ነበር። ስለዚህ ያለመካከለኛ የመገበያየት ነፃነት የፈለገ ሰው ከነፃነቱ ጋር የሚመጣውን ጥንቃቄም መቀበል አለበት ይባላል።

በክፍያው ላይ የኔትወርኩ ደንብ ጣሪያ ያላስቀመጠውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኔትወርኩ የላኪውን ሐሳብ ማወቅ አይችልም። ሌባ እየሞከረው ያለውን ገንዘብ ለማዳን የሚቻኮል ሰው ከተለመደው 100 እጥፍ አውቆ ሊከፍል ይችላል። ለዛሬ የሚበዛ ጣሪያ ዋጋው ሲለወጥ ለነገ ሊያንስ ይችላል። ጣሪያ ቢኖርም ላኪና ማይነር ከኔትወርኩ ውጭ ተስማምተው ሊከፋፈሉ ይችላሉ።

«ጥፋቱ የንድፉ ነው» የሚለው ክርክር

ይህ አስተያየት ከክሪፕቶከረንሲ የቆየ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቢ-17 አውሮፕላን አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የክንፉን ታጣፊ ክፍል ሊያነሱ ሲሉ በተደጋጋሚ ጎማውን ያጥፉ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው አልፎንስ ቻፓኒስ ሁለቱ መቆጣጠሪያዎች አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡና ተመሳሳይ መሆናቸውን ተገነዘበ። መያዣዎቹን በእጅ ሲዳሰሱ እንዲለዩ በተለያየ ቅርጽ መሥራት መፍትሔ ሆነ። ዶናልድ ኖርማንም እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው የዕለት ተዕለት ዕቃዎች ንድፍን የሚመለከት መጽሐፍ፣ «የሰው ስህተት» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የመጥፎ ንድፍ ውጤት መሆኑን ተከራክሯል።

ይህ አስተሳሰብ ወደ ግብይት ክፍያ ሲመጣ ሦስት ጉድለቶች ይነሳሉ። የመጀመሪያው ክፍያው አለመታየቱ ነው። በቢትኮይን ክፍያው ያልተጻፈው ቀሪ ስለሆነ፣ ዋሌቱ አስልቶ ካላሳየው ተጠቃሚው የሚያነበው ቁጥር የለም። ሁለተኛው መለኪያው ነው። ሳቶሺ በባይትም ሆነ ግዌይ በጋዝ ለብዙ ሰው ምንም አይነግረውም፤ «ክፍያህ 500,000 ዶላር ነው» የሚል መስመር ግን ማንንም ያስቆማል። ሦስተኛው ከልክ ያለፈ ቁጥር ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ማለፉ ነው።

ማስጠንቀቂያ ማብዛት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በየግብይቱ ማስጠንቀቂያ የሚያሳይ ሶፍትዌር ተጠቃሚው ሳያነብ «እሺ» እንዲጫን ያለምደዋል። ጠቃሚው ማስጠንቀቂያ እምብዛም የማይታይ፣ ሲታይ ግን ሥራውን የሚያስቆም ነው።

ከባንክ ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር

እንዲህ ያለ ስህተት የክሪፕቶከረንሲ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 ሲቲባንክ ሬቭሎን ለተባለው ኩባንያ አበዳሪዎች 7.8 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወለድ ሊልክ ሲል 900 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ላከ። በባንኩ ሶፍትዌር ላይ ዋናው ገንዘብ እንዳይወጣ ሦስት ቦታዎች መሞላት ሲኖርባቸው አንዱ ብቻ ተሞልቶ ነበር፤ ክፍያውን ሦስት ሰዎች ቢመለከቱትም አንዳቸውም አላስተዋሉትም።

ልዩነቱ ከስህተቱ በኋላ በሆነው ላይ ነው። የተወሰኑ አበዳሪዎች 500 ሚሊዮን ዶላር ያህል አንመልስም ቢሉም፣ ባንኩ ማንነታቸውን ስለሚያውቅ ፍርድ ቤት አቆማቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቢረታም በሴፕቴምበር 2022 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። በብዙ አገሮች ሕግ ያለ ሕጋዊ ምክንያት የሌላውን ገንዘብ ያገኘ ሰው ሊመልስ ይገባል፤ የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ያላግባብ መበልጸግን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች አሉት። በብሎክቼይን ላይ ግን ተቀባዩን ለይቶ ማወቅና የት አገር እንደሚከሰስ መወሰን ከባድ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 እንዳደረገው ክሪፕቶከረንሲን ለክፍያ መጠቀም ሕገወጥ በተባለበት አገር ደግሞ ተጎጂው አቤት የሚልበት ቦታ ይበልጥ ይጠበዋል።

የተደረጉ ማሻሻያዎች

የሶፍትዌሩ ሠሪዎች ራሳቸው ያደረጉት ማሻሻያ ንድፉ ድርሻ እንዳለው ያሳያል። በመጀመሪያው የቢትኮይን አፈራረም ፊርማው የገቢውን መጠን አይሸፍንም ነበር። ስለዚህ ከኢንተርኔት ተለይቶ የሚቀመጥ የፊርማ መሣሪያ የቀደሙትን ግብይቶች በሙሉ ካልተቀበለ ክፍያው ስንት እንደሆነ ማረጋገጥ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ሥራ ላይ የዋለው ሴግዊት ፊርማው የሚፈረምለትን ገቢ መጠን እንዲሸፍን አደረገ። በኖቬምበር 2021 ሥራ ላይ የዋለው ታፕሩት ደግሞ የሁሉንም ገቢዎች መጠን አካተተ። ከዚህ በፊት ተጠቃሚው «አይተህ ፈርም» ቢባልም መሣሪያው ሊያሳየው የሚችለው እርግጠኛ ቁጥር አልነበረም።

ቢትኮይን ኮር የተባለው ሶፍትዌር ካልተቀየረ በስተቀር ዋሌቱ በአንድ ግብይት ከ0.1 ቢትኮይን በላይ እንዳይከፍል ገደብ አለው። ገደቡ ትልልቆቹን ስህተቶች ይከላከላል፤ ነገር ግን አንድ ቢትኮይን 60,000 ዶላር ቢሆን 0.1 ቢትኮይን 6,000 ዶላር ነው። ገደቡም የሚሠራው በዚያ ሶፍትዌር ለሚጠቀም እንጂ ለኔትወርኩ በሙሉ አይደለም። ከልክ በታች ለተከፈለበት ግብይት ደግሞ ክፍያን ጨምሮ የመተካት ዘዴ ተበጅቷል። ዘዴው የሚሠራው ግብይቱ ብሎክ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ብቻ ነው።

በኢተሪየም እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2021 ለንደን የተባለው ማሻሻያ የጨረታውን አሠራር ቀየረ። ኔትወርኩ ራሱ መነሻ ክፍያ ያሰላል፤ ይህ ክፍያ በአንድ ብሎክ ከ12.5 በመቶ በላይ አይለዋወጥም፤ የተከፈለውም ይቃጠላል እንጂ ለማንም አይሰጥም። ላኪው ከዚያ በላይ ለማበረታቻ የሚሰጠውን ጉርሻና ሊከፍል የሚፈቅደውን ከፍተኛ መጠን ይወስናል። ይህም የግምት ሥራውን አቅልሎታል። ሆኖም የዴቨርሲፋይ ስህተት የደረሰው ማሻሻያው ሁለት ወር ሳይሞላው ነው፤ ጉርሻው ጣሪያ ስለሌለው የተዛባ ቁጥር አሁንም ሊያልፍ ይችላል።

የኃላፊነት ክፍፍል

ጥፋቱን ለአንድ ወገን ብቻ ከመስጠት ይልቅ እያንዳንዱን ክስተት በሦስት ጥያቄዎች መመርመር ይቻላል። ክፍያው ከመፈረሙ በፊት ተጠቃሚው በሚገባው ገንዘብ ተጽፎ ታይቷል ወይ? ከልክ ያለፈው ቁጥር ያለ ተጨማሪ ማረጋገጫ አልፏል ወይ? ቁጥሩን ያመነጨው ተጠቃሚው ነው ወይስ ሶፍትዌሩ? ክፍያው በግልጽ ታይቶ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ፣ ተጠቃሚው አሻሽሎ የጻፈው ከሆነ ኃላፊነቱ በአብዛኛው የእሱ ነው። ቁጥሩን ሶፍትዌሩ ፈጥሮት ሳያሳይ ካስፈረመ ግን ፊርማው ፈቃድን ያሳያል ማለት ያስቸግራል። እንደ ፓክሶስ ያለ ድርጅት ደግሞ የራሱን ሶፍትዌር ስለሚጠቀም ተጠቃሚም ንድፍ አውጪም ነው።

ይህ ክፍፍል ጥፋትን ይለያል እንጂ ገንዘብ አያስመልስም። ንድፉ ጥፋተኛ በሆነበት ጊዜም ጉዳቱ መጀመሪያ የሚያርፈው በላኪው ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ብዙ ገንዘብ ከመላክ በፊት በትንሽ መጠን መሞከር፣ የክፍያውን ጠቅላላ መጠን በዶላር ወይም በብር አስልቶ ማየት፣ ዋሌቱ ካቀረበው ግምት የሚርቅ ቁጥር ሲያጋጥም ማቆም እና ግብይትን በእጅ በሚጻፍ ኮድ ሲያዘጋጁ መልሱ ወደ ራስ አድራሻ መጻፉን ማረጋገጥ ይመከራል። ከመገበያያ ድርጅት ገንዘብ የሚያወጣ ሰውም ድርጅቱ የሚቆርጠው ክፍያ ከኔትወርኩ ክፍያ የተለየ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ ይኖርበታል።